የሬጀንት ቀኝ ጎን

ሃምትራምክ፣ ሚሺጋን
ኦክቶበር 3 ቀን 1984

ለወንድሜ ለአልዶ ቤርቶሎኔ፣

ጤናህን አልጠይቅም። ሁለት ገጽ ሙሉ ለመሳደብ ጉልበት ያለው ሰው ደህና ነው። እኛም ደህና ነን። ቅጠሉ ረግፎ የጣሪያውን አሸንዳ ደፍኖታል፤ ጎረቤቶቻችንም እንዳሉ ናቸው።

«ካዚሚር አፍ የለውም ወይ? ለምን ራሱ አይጽፍልኝም?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ባሌ አፍ አለው፤ ላንተ የሚያወጣው ግን አይደለም። ደግሞ ሰሞኑን ዓይኑን ትንሽ ደከም ስለሚያደርገው የቤቱን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ። በዚህ ይብቃህ።

ወደ ነገሩ ልግባ። ሌድያርድ ሞተር ዘንድሮ ሰባ አምስት ዓመት ሞላው። ሽማግሌው እዝራ ሌድያርድ በጋሪ መሥሪያ ጋጣው ውስጥ የመጀመሪያዋን መኪና ከገጣጠመ ጀምሮ፣ በጦርነቱ ጊዜ የወታደር ካሚዮንና የታንክ ማርሽ ያመረቱትን ጨምረው፣ እስከ ዛሬ ያለውን ታሪክ በትልቅ መጽሐፍ እያሳተሙ ነው። በዋናው መሥሪያ ቤት መግቢያ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ አንድ መኪና ያቆማሉ። ከሠሯቸው ሁሉ የመረጡት የ1960ውን ሬጀንት ነው። ሌላ ምን ይመርጣሉ? ኩባንያውን ከመዘጋት ያወጣው እሱ አይደል እንዴ! አጠገቡ የነሐስ ሰሌዳ ይቆምና መኪናውን በጭቃ የቀረጸው ሰው ስም ይጻፍበታል።

ሚስ ሃልቨርሰን የምትባል ከኩባንያው የመጣች ልጅ ቤታችን ድረስ መጥታ ካዚሚርን «ማነው የቀረጸው?» አለችው። «እኔ ነኝ» አላት። እውነቱን ነው። ግን በዚያው ሞዴል ላይ ያንተም ስም ተመዝግቦ ስላገኘች፣ «መኪናው የካዚሚር ጋውሮን ነው» የሚል ግማሽ ገጽ ወረቀት እንድትፈርምላት ላከችልህ። አንተስ ምን አልክ? «የእኔ ነው» ብለህ መለስክላት። ልጅቷ ግራ ገብቷት ስልክ ደወለችልኝ። ያፈርኩትን እፍረት እኔ ነኝ የማውቀው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ያን ሁሉ ዘመን የት ነበርክ? መኪናው በየመንገዱ ሲሄድ፣ ሰው ካዚሚርን በየቤተ ክርስቲያኑ በር እያስቆመ እጁን ሲጨብጠው፣ አንተ አፍህን ምን ይዞት ነበር? አሁን በስተርጅና ምን አሳየህ? ወረቀቱን ፈርምና ላክ። ሌላ ምንም አልፈልግም ካንተ።

እህትህ ፊሎሜና


ቱሳን፣ አሪዞና
ኦክቶበር 11 ቀን 1984

ለእትዬ ፊሎ፣

ሰላምታ ሳትሰጪ ስለጀመርሽ እኔም ሰላምታዬን ቆጥቤያለሁ። በፖስታው ጀርባ ላይ «እዚያ በረሃ ውስጥ ምን ትሠራለህ?» ብለሽ ጽፈሽብኛል፤ ፖስተኛው ሳይቀር አንብቦት ሳቀ። ቁልቋል አያለሁ። ቁልቋል ቢወጋም አይዋሽም።

ስለ መኪናው አንቺ ያላየሽውን ልንገርሽ። ያኔ በቅርጽ ክፍል ውስጥ አንድ ሙሉ መኪና የሚያህል የጭቃ ሞዴል ላይ ሁለት ሰው ይሠራ ነበር። ግራው ጎን የአንዱ፣ ቀኙ ጎን የሌላው። ጭቃው እየሞቀ ነው የሚለጠፈው፣ ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ነው፣ ቦታው ጠባብ ነው፤ ስለዚህ አንድ መኪና ሁለት የተለያየ ጎን ይዞ ይቆማል። አለቆቹ ይመጣሉ፣ ሲጋራቸውን እያጨሱ ይዞሩታል፣ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣሉ። ከዚያ በኋላ ልማዱ እንዲህ ነው፦ የተሸነፈው ሰው የራሱን ጎን በገዛ መፋቂያው ፍቆ ይጥልና የአሸናፊውን ጎን በቦታው ይገለብጣል፤ በመስታወት እንደሚታየው። ጥርስን ነክሶ ነው እንግዲህ።

በ1957 ግራው የባልሽ ነበር፣ ቀኙ የእኔ። የባልሽን መረጡ። አልካድኩም፤ አሁንም አልክድም። ታዲያ ጌታው ካዚሚር ምን አደረገ? ጠመንጃውን አንግቶ ወደ ግሬይሊንግ ጫካ ሄደ። የአጋዘን አደን የሚከፈትበት ቀን ነበራ! ፎርማኑም ሄደ። ልኬት የሚቆጣጠረውም ሄደ። በሚሺጋን በዚያ ሳምንት ለሞተ ሰው ፍትሐት የሚፈታ ቄስ እንኳ አይገኝም፤ አንቺው ታውቂዋለሽ። ባዶ ክፍል ውስጥ የካዚሚርን ጎን የምገለብጠው እኔ ብቻዬን ቀረሁ።

ከበሩ እጀታ ተነስቶ እስከ ኋላ መብራት የሚሄደውን መስመር ታስታውሺዋለሽ? ባልሽ በሠራው ጎን ላይ ከኋላው ጎማ በላይ ሲደርስ ይወድቅ ነበር፤ እንደ ደከመች በቅሎ ወገብ። እኔ አነሳሁት። አንድ ጣት እንኳ አይሞላም። ራቅ ብዬ ቆሜ ባየው መኪናው ቆሞ የሚሄድ መሰለ። መልሼ ላወርደው መፋቂያውን አነሳሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። በማግስቱ ንድፍ አንሺዎቹ መጡ። ግራው ጎን ግድግዳ ተጠግቶ ስለነበር ልኬቱን የወሰዱት ከቀኙ ነው። ፎርማኑ አጋዘኑን መኪናው ላይ አስሮ ሲመለስ ንድፉ አልቆ ሄዷል። ልዩነቱን ያየ ሰው አልነበረም፤ የመኪናን ሁለት ጎን ባንዴ የሚያይ ዓይን የለማ።

እንግዲህ አገሩ ሁሉ የወደደው፣ በየመሸጫው በር ላይ ሰው ያሰለፈው ያ መስመር የእኔ ነው። የሞተልሽ ቀርቶ የገደለሽ በላ። ያኔ ዝም ያልኩት ላንቺ ብዬ ነው፤ ባልሽ ነው ብዬ። እሱ ግን ውለታዬን እንዴት መለሰው? በ1960 የፋሲካ ማዕድ ላይ ሹካዬን እንደያዝኩ ጥሎኝ ተነሳ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ስሙ ገነነና ከእኔ ጋር መብላት አስጠላው። ያን ትዕቢት መቼም አልረሳውም።

አልፈርምም።

አልዶ


ሃምትራምክ
ኦክቶበር 19 ቀን 1984

አንተ አልዶ፣

«አታምኚኝም ወይ?» ብለህ በስልክ ጮህክብኝ፤ ስልኩን የዘጋሁብህ መልሱን በጽሑፍ እንድታገኘው ብዬ ነው። አላምንህም። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ። የዳቦ ጋጋሪውን መስኮት በድንጋይ ሰብረህ «ወፍ ነው የሰበረው» ያልክ ልጅ ነህ። የወፏን ቀለም ሳይቀር ነግረኸን ነበር። አሁንም ያው ነህ፤ ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ ያንተውም በጣም ቀሏል።

አንድ ጣት የማይሞላ ጭቃ ነው ሌድያርድን ከመዘጋት ያዳነው? እግረ መንገድህን ጦርነቱንም አንተው አሸንፈህልን ይሆናል። የካዚሚርን ሥራ ቆመህ ገለበጥክ፤ ያ የተሸናፊ ሥራ ነው፤ አለቀ።

ካዚሚር ያንን መኪና እንዴት እንደሚወደው አይተህ አታውቅም። አረንጓዴ ሬጀንት ገዝቶ በራችን ላይ ያቆመው ቀን መንገዱ በሙሉ ወጣ፤ ቄሱ መጥተው ጠበል ረጩት። ልጄን ያድዊጋን ለሠርጓ ያደረስናት በሱ ነው። በየክረምቱ መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው ከሥር በልቶት ወለሉ እስኪቀደድ ድረስ አልሸጥም አለ። ተጎትቶ የሄደ ቀን ምሳ አልበላም። ባለሥራው ካልሆነ እንዲህ የሚያለቅስ ማነው?

«ደብዳቤዬን አነበብሽለት ወይ?» ብለህ በስልክ ጠይቀኸኝ ነበር። አዎ፣ ሰላምታውን ብቻ። ሰላምታ ስላልነበረው ከራሴ ፈጥሬ «አልዶ ስለ ጤናህ አጥብቆ ይጠይቃል» አልኩት። «አልዶ? ይሄ ሌላ አልዶ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። የማነብለት እኔ የሆንኩት ደግሞ ካዚሚር ስለማያይ ነው። ዓይኑን ትንሽ ደከም ያደርገዋል ያልኩህ እውነት አይደለም። የስኳር በሽታው ካቻምና ሁለቱንም ዓይኖቹን ወሰዳቸው። «ለአልዶ እንዳትነግሪው» ብሎ አስምሎኝ ነበር፤ መሐላዬን አፈረስኩ። ሰላሳ ዓመት በዓይኑ የኖረ ሰው አሁን ጫማውን የሚያገኘው በዳበሳ ነው። የቀረው ስሙ ነው። አሁን ፈርም።

ፊሎሜና


ቱሳን
ኦክቶበር 27 ቀን 1984

እትዬ ፊሎ፣

ስለ ዓይኑ አዝኛለሁ። ከልቤ ነው። ግን ካቻምና የጠፋ ዓይን ዘንድሮ ነው ለእኔ የሚነገረኝ? ምንሽ ነኝ እኔ? አሁን የነገርሽኝም እንዳዝን ብለሽ አይደለም፤ እንድፈርም ነው። የባልሽን ዓይን እንደ ክሪክ ከሥሬ ሰክተሽ ልታነሺኝ ነው። አላፈርሽም ወይ?

በፖስታው ጀርባ «ብትፈርም ምን ይቀርብሃል?» ላልሽው መልስ አለኝ። ልጅ የለኝም። ሚስቴ ሩት ጥላኝ ከሄደች ቆየች፤ እንኳን ሄደች ብለሽ የጻፍሽልኝን ካርድ አልረሳሁትም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ሌድያርድ ውስጥ ነው። ያን የታሪክ መጽሐፋቸውን ሚስ ሃልቨርሰን ረቂቁን ልካልኝ ነበር። የእዝራ ሌድያርድ ጢም አለ። የሊቀመንበሩ ውሻ ሳይቀር ፎቶ አለው። ዝናብ ባየች ቁጥር የምትዝገው፣ ኩባንያውን መሳቂያ ያደረገችው የ1974ቷ ፒፒን እንኳ አራት ገጽ ተሰጥቷታል። እኔ የለሁም። የሠራሁት የበር እጀታ፣ የሠራሁት ፓራፋንጎ፣ ሁሉም የክፍሉ ኃላፊ ሠራው ተብሎ ተጽፏል።

እዚህ አገር ብረት አይዝግም። አልፎ አልፎ አንድ አሮጌ ሬጀንት በሰፈሬ ያልፋል። ቆሜ አየዋለሁ፤ ከኋላው ጎማ በላይ ያን መስመር ሳይ ደስ ይለኛል፤ አንዳንዴም እንባ ይመጣብኛል፣ ይሄን ለማንም ነግሬ አላውቅም። በዚህ ዓለም ላይ የእኔ ነው የምለው እሱን ብቻ ነው። እሱንም ስጥ ትይኛለሽ። አይጥ በበላ ዳዋ ይመታል?

አልፈርምም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ በእውነት መልሺልኝ። የደበቅሽኝ ሌላ ነገር አለ?

አልዶ


ሃምትራምክ
ኖቬምበር 3 ቀን 1984

አልዶ፣

አዎ፣ አለ።

ኩላሊቱ እምቢ ብሏል። ሐኪሙ በየሁለት ቀኑ ደም የሚያጥብ ማሽን ላይ እንዲታሰር ፈልጎ ነበር። ካዚሚር «እኔ መኪና አይደለሁም፤ ሞተር ተገጥሞልኝ አልኖርም» ብሎት ኮቱን ለብሶ ወጣ። ተሳሳተና የጽዳት ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል ገባ፤ እዚያው ቆሞ ሲሳደብ አገኘሁት። ለገና መድረሱን ይጠራጠራሉ። ይኸው፣ ሌላ የደበቅኩህ የለም።

ሚስ ሃልቨርሰን ይህን ሰምታ አለቀሰች። አዳራሹ የሚመረቀው ከአዲስ ዓመት በኋላ ስለሆነ እሱ አይደርስም። ስለዚህ ሬጀንቱን በካሚዮን አስጭና በራችን ድረስ ልታመጣለት ነው። ኖቬምበር 15 ይሁን ያለው ካዚሚር ራሱ ነው፤ «የአደን ቀን መንገዱ ጭር ይላል፣ ካሚዮኑ እንደልቡ ይዞራል» አለ። አጠገቡ አቁመው ፎቶ ያነሱታል። ያንተ ፊርማ ስለሌለ ሰሌዳው ባዶ ነው፤ ልጅቷ ያለ ፊርማ አልችልም ብላለች።

ትናንት ፀጉሩን አስተካከልኩት። አንገቱ ላይ ያለውን ስቆርጥለት እንዲህ አለኝ፦ «ፊሎ፣ አላየውም እንጂ እነካዋለሁ። ከፊት መብራቱ እስከ ኋላ መብራቱ በመዳፌ እሄድበታለሁ።» እጁን ጉልበቱ ላይ እያንሸራተተ አሳየኝ። እንደ ልጅ ደስ ብሎታል። ይህን እየሰማህ እምቢ በል። ከእንግዲህ አልለምንህም። ስምህን ይዘህ ተቀበር።

ፊሎሜና


ቱሳን
ኖቬምበር 7 ቀን 1984
በአስቸኳይ

እትዬ፣

እንዳይነካው!

ወረቀቱን ፈርሜ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። መኪናው የካዚሚር ጋውሮን ነው ብዬ ፈርሜያለሁ፤ ስሙ ይጻፍ፤ በቃኝ። ግን በእናታችን አጥንት ይዤሻለሁ፣ ከበሩ እጀታ ወደ ኋላ እጁን እንዳታሳልፊው። ቀኙን ብቻ አይደለም፣ ግራውንም። ፋብሪካው ሁለቱንም ጎን ያወጣው ከእኔው ልኬት ነው። ኮፈኑን ይንካ፣ የፊት መብራቱን ይንካ፤ ያ በሙሉ የሱ እጅ ነው፤ እንደዚያ ያለ ኮፈን የሠራ ሰው ከሱ ወዲህ የለም። ከበሩ በኋላ ግን አይሆንም።

«ለምን?» እንዳትዪኝ። አንቺ ባልሽን ታውቂዋለሽ፤ እጁን ግን አታውቂውም። ክፍሉ ውስጥ ሥራ ሲቀዘቅዝ ዓይኑን በመሐረብ አስረን ጭቃው ላይ የሲጋራ ወረቀት እንለጥፍ ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ በመዳፉ ይሄድና «እዚህ ጋ» ይለናል። አንድም ቀን አልሳተም። ያ መዳፍ ራሱ ዓይን ነው። መስመሩ መውረድ ያለበት ቦታ ላይ ሽቅብ ሲሄድበት ወዲያው ያውቀዋል። ያን አውቆ እንዴት ይሙት? በምን አንጀቱ?

ኖቬምበር ነው፤ ብርድ ነው ብለሽ ጓንት አድርጊለት። ወፍራም ይሁን። ፎቶውን ከፊት ለፊት ያንሱት። ከዚያ «በረደህ» ብለሽ ቶሎ ወደ ቤት አስገቢው። የፈለግሽውን ስድብ ስደቢኝ፣ ይህን ብቻ አድርጊልኝ።

አልዶ


ሃምትራምክ
ኖቬምበር 10 ቀን 1984

አልዶ፣

ፊርማህ ደረሰኝ። መርዝህም አብሮ ደረሰኝ።

እስከ ትናንት ድረስ ውሸታም ነህ ብዬ በመስቀል እምል ነበር። ለያድዊጋም፣ ለሚስ ሃልቨርሰንም፣ ለቄሱም ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ደብዳቤህን ግን ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ውሸታም ሰው የዕውር እጅ አይፈራም። አሁን አመንኩህ፤ እንኳን ደስ ያለህ!

«ዝም ያልኩት ላንቺ ብዬ ነው» ያልከውን ቃል ደግሜ አነበብኩት። ለእኔ ብለህ? ያን ሁሉ ዘመን ባሌ በሰው ሥራ ሲኮራ፣ ቄስ ጠርቶ ጠበል ሲያስረጭ እያየህ ለእኔ ብለህ ዝም አልክ? ዝም ካልክ ደግሞ እስከ መጨረሻው ዝም አትልም ነበር? አስቀምጠህ አስቀምጠህ ሰውየው ሊሞት ሲል ታወጣዋለህ! ያኔ ብትነግረው ይደባደብህ ነበር፤ ለሁለት ሳምንት ታኮርፉና ያልፍ ነበር። አሁን እኔ ነኝ የምሸከመው። ላላይህ፣ ላልሰማህ ብዬ የተውኩህን ሰው ሚስጥር ይዤ ከባሌ ጎን እተኛለሁ።

ምን ልታደርጊ ነው ካልከኝ፣ ጓንት እየሠራሁ ነው። በድርብ ክር። «ለማነው?» አለኝ፤ «ለአንተ» አልኩት። «ምነው፣ ወደ ዋልታ ልትልኪኝ ነው?» አለኝ። ያድዊጋ በአንድ ክንዱ ትሆናለች፣ እኔ በሌላው። ከኮፈኑ አናሳልፈውም። ሃምሳ ዓመት በትዳር ስንኖር እንደዚህ ያለ ማታለል አታልዬው አላውቅም። የእጅህን ይስጥህ።

ፊሎሜና


ቴሌግራም
ቱሳን፣ ኖቬምበር 16

ስልክ አታነሺም። ነካው ወይ። ቶሎ መልሺ። አልዶ


ሃምትራምክ
ኖቬምበር 17 ቀን 1984

አልዶ፣

ስልኩን ነቅዬው ነው። ሰው እየደወለ እንቅልፍ ነሳው።

ነካው ወይ ብለሃል። ነካው።

ሬጀንቱ ነጭ ነበር፤ እንደ አዲስ አድርገውታል። ከካሚዮኑ ላይ ሲያወርዱት አደን ያልሄደ ሽማግሌ ሁሉ ከየቤቱ ወጣ። የጎረቤታችን ልጅ በጃፓን መኪናው አፍሮ ወደ ጓሮ ወሰዳት። እኔና ያድዊጋ እንደተማከርነው አደረግን። ጓንቱን አጠለቅንለት፣ ኮፈኑ ጋ አቆምነው፣ ፎቶ አነሱት። «በቃ፣ በረደህ፣ እንግባ» አልኩት። እሱ ጓንቱን በጥርሱ ስቦ አስፋልቱ ላይ ጣለው። ያድዊጋ ክንዱን ያዘችው። «ልቀቂኝ፣ አንቺ የፖሊስ ልጅ ነሽ ወይስ የእኔ?» አላት።

ከፊት መብራቱ ጀመረ። በቀኙ በኩል ነው የሄደው። መዳፉን ዘርግቶ ቀስ እያለ፣ ኮፈኑን፣ ፓራፋንጎውን፣ በሩን። እጀታውን ሲያልፍ የኮቱን እጅጌ ሳብኩት፤ አልቆመም። ከኋላው ጎማ በላይ ሲደርስ መዳፉ ቀጥ አለ። ወደ በሩ ተመለሰ። እንደገና ሄደበት። ሚስ ሃልቨርሰን ምስኪን፣ ምንም የማታውቅ፣ «ሚስተር ጋውሮን፣ ሥራዎን አወቁት?» አለችው።

«ይሄማ የአልዶ ነው» አላት።

እኔ የወደቀውን ጓንት አንስቼ መልሼ ላጠልቅለት ሮጥኩ። እሱ ግን ይስቅ ነበር። እቤት አስገብተን ወንበሩ ላይ ስናስቀምጠው «ምነው ሁለታችሁም ዝም አላችሁ? ሰው የሞተ ይመስላል፤ ገና እኮ ነኝ» አለን። ከዚያ ነገረኝ። ድሮ ነው የሚያውቀው፣ አልዶ! በ1960 በረዶው እንደቀለጠ፣ ፋሲካ ሲቃረብ፣ አረንጓዴውን ሬጀንት በራችን ላይ በእጁ ሰም ሲቀባው ጨርቁ ሥር መዳፉ ሽቅብ ሄደበት። ያኔውኑ የማን እጅ እንደሆነ አወቀ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» አልኩት።

«ምን ብዬ? መስመሩ ከእኔው ይሻላል እኮ። የተናደድኩት በመስመሩ አይደለም። ፋሲካ ዕለት ቤቴ መጥቶ፣ ኪየልባሳ ቋሊማዬን እየቆረጠ፣ 'መኪናህ አምሮብሃል ካዚሚር' አለኝ። መኪናህ! ዓይን ዓይኔን እያየ። አሁን ይነግረኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ድንች አቀብለኝ አለኝ። ያን ጊዜ ተነሳሁ።»

ከዚያ ወዲህ መጥተህ እስክትነግረው ሲጠብቅ ኖረ። አንተ ትዕቢት ነው ብለህ ወደ በረሃ ሄድክ፤ እኔ የወንድ ኩርፊያ ነው ብዬ ሆዴን ዘጋሁ። «ታዲያ ለሚስ ሃልቨርሰን 'እኔ ነኝ' ያልካት ምን ነክቶህ ነው?» ስለው፣ «አልዶ እንዲሰማ ነዋ! ሲሰማ ተናዶ ይመጣል ብዬ ነው። እሱ ግን ፖስታ ቤት ሄደ» አለኝ። እኔ ስለምንህ፣ ስሰድብህ፣ ዓይኑን ሳነሳብህ፣ እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ የበሩን ደወል ሲጠብቅ ነበር። ሁለታችሁንም አንድ ላይ ብጠብሳችሁ ደስ ይለኛል።

የፈረምከውን ወረቀት አነበብኩለት። «ምጽዋት ነው?» ብሎ ተቀብሎ ቀደደው፤ ከዚያ ቁርጥራጩን ሰብስቤ እንዳልገጥመው ኪሱ ከተተው። ለልጅቷም ሰሌዳው ላይ የማንም ስም እንዳይጻፍ፣ አልዶ መጥቶ እስክንጨርስ ባዶውን ይቆይ ብሏታል። አሁን ደግሞ «ጻፊ» እያለኝ ነው። እንዳለው እጽፈዋለሁ፣ ስድቡን ሳልቀንስ።

«አልዶ፣ አንተ ሌባ። መስመርህ ጥሩ ነው። ኋላ መብራቱ ጋ ግን ቸኩለሃል፤ እዚያ ጋ እኔ ብሆን ትንሽ አረዝመው ነበር። ይህን በደብዳቤ አልከራከርህም። ና። ፊቴ ቆመህ 'ሰርቄሃለሁ' በለኝ። አንድ ጊዜ በጥፊ እመታሃለሁ፤ በሕይወት የቆየው ለዚህ ነው ብትል አትሳሳትም። ከዚያ ፊሎ የሠራችውን እንበላለን። እኔ አሁን ብዙ አልበላም፤ የእኔን ድርሻ ትበላለህ። ቶሎ ና። ካዚሚር።»

የእኔን ንዴት እንዳለቀ አትቁጠረው። አላለቀም፤ ሲያልቅ እነግርሃለሁ። በአውቶቡስ እንዳትመጣ፣ አይደርስልህም፤ በአውሮፕላን ና። በሩን አልቆልፈውም። ወንበሩን ከበሩ ፊት ለፊት አስቀምጡልኝ ብሎ እዚያው ይውላል፤ አልጋ ላይ ግባ ብንለው እሺ አይልም። ስትገባ ዝም ብለህ እንዳትቆም፣ ተናገር። የሚመታህ በድምፅህ ነው።

እህትህ ፊሎሜና